የሌንጮና የመርዙ እርቅ

ውብሸት በወለጋ ከተሞች ስሙ ሲነሳ የማይረግመው ሰው የለም። ይህን ጥላቻ ደግሞ ለፍቶ፣ ላቡን አፍስሶ ያገኘው ነው። በአዘቦቱ ቀን ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ብየዳ ቤት ውስጥ በርና መስኮት ሲበይድ ይውላል። አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ሰው ሲያነጋግረው የሚያፍር፣ ዶሮ ሲታረድ ማየት የማይችል ሰው ነው። በበዓልና በገበያ ቀን ግን ዓይኑን ኩል ተኩሎ፣ ጥቁር ጥብቅ ልብስ ለብሶ፣ «መርዙ» ተብሎ ወደ ትግል መድረክ ይወጣል። ያን ጊዜ ከአርጆ እስከ ሲሬ ያለው ሕዝብ፣ መቁጠሪያ የያዙ ባልቴቶች ሳይቀሩ፣ እርግማኑን ያወርዱበታል።

ባላንጣው ጂሬኛ ነው። ጂሬኛ ባጃጅ ነጂ፣ ደረተ ሰፊ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ጎልማሳ ሲሆን መድረክ ላይ «ሌንጮ»፣ አንበሳው፣ ይባላል። ሌንጮ ደጉ ነው። እሱ ሲገባ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እናቶች ይመርቁታል። መርዙ ከኋላው ይመጣና በወንበር ይመታዋል፣ በገመድ ያንቀዋል፣ ሲብስበት ከኪሱ በርበሬ አውጥቶ ዓይኑ ላይ ይበትንበታል። ሌንጮ ወድቆ ይንፈራገጣል። ሕዝቡ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ይነሳና መርዙን ከአናቱ በላይ አንስቶ ያፈርጠዋል። መድረኩ በትራክተር ጎማ ላይ የተረበረበ ጣውላ ስለሆነ ድምፁ ገበያውን ሁሉ ያናውጠዋል። ሰውም ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮሆ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

ነገሩ ሁሉ አስቀድሞ የተመከረበት ነው። ማን እንደሚወድቅ፣ መቼ እንደሚወድቅ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚወድቅ ሳይቀር ተስማምተውበታል። አንባቢ ይህን ያውቃል ብዬ እገምታለሁ፤ ካላወቀም ከእኔ እንደሰማ ለማንም አይንገር።

የምስጢሩ ጠባቂ ጂሬኛ ነበር። ልጅ ሳለ ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ በነበረ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣቦ የውጭ አገር ሬስሊንግ ሲያይ ነው ያደገው። ሲጎለምስ ደግሞ የሙያውን ታሪክ ከየኢንተርኔቱ ለቃቅሞ ለውብሸት እንደ ወንጌል ይሰብክለት ነበር። የጥንቶቹ ታጋዮች በየባዛሩና በሰርከስ ድንኳን እየዞሩ የምር ይታገሉ እንደነበር፣ የምር ትግል ግን ሁለት ሰው ተቆላልፎ ረጅም ሰዓት መሬት ላይ መተኛት ሆኖ ተመልካች ስላሰለቸ ተስማምተው መጣጣል እንደጀመሩ ያወራል። ክፉውን ሆኖ የሚጫወተው ታጋይ ከመድረክ ሲወርድ በተናደደ ተመልካች በጩቤ ይወጋ እንደነበር ይናገራል። ጭምብሉን በሰው ፊት ሳያወልቅ ኖሮ፣ ከነጭምብሉ ስለተቀበረው ሜክሲኳዊ ሲያወራማ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

«በዚያ ዘመን» ይላል ጂሬኛ፣ «ደጉና ክፉው በአንድ መኪና አይሄዱም፣ በአንድ ማዕድ አይበሉም ነበር። ሰው ያመነውን አታፍርስበት፣ ያ ውቤ። ካፈረስክበት ሁለተኛ አይመጣም።»

ውብሸትም እሺ አለ። ለአራት ዓመት ሁለቱ የልብ ወዳጆች በሰው ፊት ባላንጣ ሆነው ኖሩ። ልምምዳቸው በአንድ የተዘጋ የቡና መጋዘን ውስጥ በር ቆልፈው ነው። ወደ አርጆ ሲሄዱ አንዱ በጠዋቱ አውቶቡስ፣ ሌላው ከሰዓት ነው። መንገድ ላይ ከተገናኙ አንዱ ምራቁን ተፍቶ ወደ ማዶ ይሻገራል። የጂሬኛ እናት ያረፉ ጊዜ እንኳን ውብሸት ለቅሶ ቤት አልገባም። ቤቱ በሰው ተሞልቶ እሱ ከአጥሩ ማዶ እየተመላለሰ ዋለ፤ በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ ከጂሬኛ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ። ከተማው ግን ያየው መቅረቱን ብቻ ነው። ለጎረቤት እናት ለቅሶ የቀረ ሰው ደግሞ ነቀምቴ ውስጥ በቀላሉ አይረሳም።

ይህ ሁሉ ውብሸትን አላስጨነቀውም ነበር፣ ተናኜን እስኪያገኝ ድረስ።

ተናኜ ነቀምቴ የምትሠራ ነርስ ነች፤ ወላጆቿ ሲሬ ናቸው። አንድ ቀን ውብሸት የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ወደምትሠራበት ክሊኒክ መጣ፤ አርጆ ላይ ካሳዩት አንድ ትርኢት በኋላ ነው። ማንነቱን አውቃለች። ክንዱን እያሰረችለት «መርዙ አንተ ነህ አይደል? ሌንጮ በሬዲዮ ሲናገር ሰማሁት፣ ደህና ነው። የደበደበው ሰው ነው እንግዲህ የተሰበረው?» አለችው። ውብሸት አንገቱን ደፋ። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ያልጠየቀችው ገብቷት እንደሆነ ውብሸት የተረዳው ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አንዴ ወዷታል።

ልጅቷ ልታገባው ፈቀደች። የቀረው አባቷ ነበሩ። ውብሸት ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመምህር ልጅ ሲሆን፣ ወላጆቹ ካረፉ ወዲህ አባት የሆኑት ጎረቤቱ ኦቦ ባይሳ ናቸው። ኦቦ ባይሳ የአገር ሽማግሌ ናቸው። በሰፈሩ የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ ደም የፈሰሰበት ነገር ሳይቀር እሳቸው እጅ ሳይደርስ አያልቅም። ሁለት ሰው አስከትለው ሲሬ ወርደው የተናኜ አባት አቶ አምባዬ ደጅ ቆሙ።

አቶ አምባዬ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሲሬ ገበያ ላይ እህል ይነግዳሉ። ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀመጡ፣ አበሉ፣ አጠጡ፣ ማን ልኳቸው እንደመጡም ጠየቁ። ስሙን ሲሰሙ ብርሌያቸውን አስቀመጡ።

«አባቴ፣ እርሶን አከብራለሁ» አሉ። «ይህን ሰው ግን በዓይኔ አይቸዋለሁ። እዚሁ ሲሬ፣ መናኸሪያው ሜዳ ላይ፣ የሰው ልጅ ዓይን ውስጥ በርበሬ ሲበትን አይቻለሁ። ወድቆ ሲለምነው በወንበር ሲመታው አይቻለሁ። ለዚያ ሰው እናት ለቅሶ እንኳ አልደረሰም አሉኝ። ልጄን ለዚህ ሰው ሰጥቼ እንቅልፍ ኸየት ይመጣልኛል?»

ኦቦ ባይሳ በእርጅናቸው ትርኢት አይተው አያውቁም። ትግል ሲባል እሳቸው የሚያውቁት ወላንሶን ነው፤ የወደቀ የወደቀበት፣ ያሸነፈ ያሸነፈበት የአገሩን ትግል። ስለዚህ የሰሙትን ሁሉ እውነት ነው ብለው ተቀበሉ። አፍረው ተመለሱ፤ ግን ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስምና መፍትሔ ይዘው መጡ። ውብሸትን አስጠርተው «አባትየው በሩን አልዘጋም» አሉት። «ከጠላትህ ጋር ታረቅ ነው የሚለው። እሱ ፊት፣ እሱ ግቢ ውስጥ። እኔም አስታርቃችኋለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። እሁድ ጂሬኛን ይዤው እመጣለሁ።»

ውብሸት ደነገጠ። ዱላ የተሰነዘረበት ሰው እንኳ እንዲህ አይደነግጥም። እንግዳ ሰው ይህ ምኑ ያስደነግጣል ይል ይሆናል፤ የጃርሱማን፣ የሽማግሌ እርቅን፣ ሥርዓት የሚያውቅ ግን ወዲያው ይገባዋል። በእርጥብ ሳር ላይ ተቀምጠህ፣ በሽማግሌ ፊት የምትናገረው ዱጋ ብቻ ነው፤ እውነት። እዚያ የዋሸ ሰው ቤቱ አይቀናም ይባላል። ደግሞም በሳር ላይ የታረቀ ሰው በዚያ ሰው ላይ ዳግመኛ እጁን አያነሳም። ካነሳ አገር ያገልለዋል፤ እሳት አይጭሩለትም፣ ቡና አይጠሩትም። ስለዚህ ውብሸት እንዳልበደለ እያወቀ «በድያለሁ» ብሎ ከታረቀ፣ በሳር ላይ ይዋሻል፤ ከዚያም ሌንጮና መርዙ ዕድሜ ልካቸውን አይታገሉም። እውነቱን ከተናገረ የጂሬኛ ምስጢር ተበተነ። አልሄድም ካለ ደግሞ ተናኜ ቀረች።

መጋዘኑ ውስጥ ለጂሬኛ ነገረው። ጂሬኛ ገመዱን እየጠቀለለ ሰማው።

«እውነቱን ልናገር ብትል፣ ሲሬ የተነገረ ነቀምቴ እስኪደርስ አውቶቡስ አይጠብቅም» አለ ጂሬኛ።

«አውቃለሁ።»

«እንኳን ሕዝቡ፣ እህቴ አታውቅም። ሕፃናቱ ባጃጄን ሲያዩ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጂሬኛ። ለዚህ ነው የምጠይቅህ። አትናገር ካልከኝ በድያለሁ ብዬ እታረቅሃለሁ። ትግሉ ይቀራል። ሌላ መርዙ ታሠለጥናለህ።»

ጂሬኛ ገመዱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ወጣ። ውብሸት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ እሁድ እህል በአግባቡ አልበላም። ሲበይድ ሁለት መስኮት ገልብጦ ገጠመ፤ የብየዳ ቤቱ ባለቤት ተቆጣው፣ እሱ አልሰማም።

እሁድ ሲሬ ደረሱ። አቶ አምባዬ ግቢያቸው ውስጥ ካለች ዋንዛ ሥር አግዳሚ አስደርድረው፣ እርጥብ ሰርዶ አስነጥፈው ጠበቁ። ኦቦ ባይሳ መሐል ተቀመጡ። ተናኜና እናቷ ከበሩ ጀርባ ቆመዋል። ውብሸት ጫማውን አውልቆ ሳሩ ላይ በአንድ በኩል፣ ጂሬኛ በሌላው በኩል ተቀመጠ። ውብሸት ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። ከአራት ዓመት ወዲህ ከመጋዘኑ ውጭ እንዲህ ተቀራርበው ተቀምጠው አያውቁም።

ኦቦ ባይሳ መርቀው ሲጨርሱ ከሳሩ ቆርጠው ለሁለቱም ሰጡ። «የተበደለ ይቅደም» አሉ። «ያ ጂሬኛ፣ ይህ ሰው ምን በደለህ? በሆድህ አንዲት ነገር እንዳታስቀር። ዱጋ ተናገር።»

ጂሬኛ ሳሩን በጣቶቹ መሐል አሽከረከረው። ውብሸት ክፉ ሆኖ ብዙ ሺህ ሰው ፊት ሲቆም እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«አባ ኮ፣ አባቴ፣ ይህ ሰው አንድም ቀን መትቶኝ አያውቅም» አለ ጂሬኛ።

አቶ አምባዬ ጆሯቸውን የሚጠራጠሩ መሰሉ።

«በርበሬው የቀለም ዱቄት ነው» ቀጠለ ጂሬኛ። «ከመበተኑ በፊት ክርኔን ይነካኛል፤ ያን ጊዜ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወንበሩን በጠፍጣፋው በኩል፣ ሥጋ ባለበት ቦታ ነው የሚያሳርፈው። ሲያንቀኝ እጁ አንገቴን አይነካም። ሥራችን ይሄ ነው። ሰው ደስ እንዲለው ነው የምንጣላው። ለእናቴ ለቅሶ ያልመጣው እኔ አትምጣ ስላልኩት ነው። ከአጥሩ ውጭ ሲንከራተት አይቼዋለሁ።» እዚህ ላይ ሳሩን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ ቀጠለ። «አርጆ ላይ ጣውላው ከሥሬ ተሰነጠቀ። በአናቴ ልወርድ ነበር። እሱ ትከሻውን አስገባልኝ፣ የእሱ አጥንት ተሰበረ። ሕዝቡ ግን ‹መርዙ ተንኮል ሠራ› ብሎ ድንጋይ ይወረውርበት ነበር። የተሰበረ ትከሻውን ይዞ፣ ድንጋይ እየወረደበት፣ ሳይናገር ወጣ። የተበደለ ይቅደም ካሉኝ፣ እኔ ሳልሆን እሱ ነው የሚቀድመው።»

ውብሸት ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ለአራት ዓመት የተሸከመው ነገር በአንድ ጊዜ ከላዩ ወረደ።

አቶ አምባዬ ግን አላመኑም። «ኸረ እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት» አሉ። «ጣውላው ሲንጋጋ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲያ ፈርጦ ምንም አልሆነም ብሎ ማን ያምናል? ጓደኛሞች ከሆናችሁማ ተማክራችሁ እኔንም ልታታልሉኝ ትችላላችሁ።»

ይህ አባባላቸው እውነትነት ነበረው። ጂሬኛ ከተቀመጠበት ተነሳ። «እሺ፣ እዚሁ ፊትዎ ይጣለኝና ይዩት» አለ።

«አንተማ ለምደኸዋል» አሉ አቶ አምባዬ። ኮታቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። «እኔን ይጣለኝ።»

ከበሩ ጀርባ የተናኜ እናት «ወይኔ፣ ሰውዬው ምን ነካቸው» ሲሉ ተሰማ። ኦቦ ባይሳ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ሊያስታርቁ መጥተው ሰው ሲሰበር ሊያዩ ነው። አቶ አምባዬ ግን ሳሩ መሐል ገብተው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሰውዬው አንዴ ካሉ አሉ ነው፤ ሲሬ ገበያ በዋጋ ተከራክሮ ያሸነፋቸው የለም።

ውብሸት እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ከበሩ ጀርባ ተናኜን አያት። ፈርታለች፣ ግን ራሷን ነቅንቃ አዎን አለችው። የተሰበረውን ትከሻ ያሰረችው እሷ ነች፤ አጥንቱ ምን ያህል እንደሚችል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቀረብ አለና በሹክሹክታ «አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያሳርፉ» አላቸው። «ከመሬት ስንደርስ ትንፋሽዎን ይልቀቁ። እጅዎ እኔን ይያዝ፣ መሬቱን አይፈልጉት። እኔ ነኝ መሬቱ።»

አነሳቸው። እንዳሰበው ከባድ አልነበሩም። በኮትና በቁጣ ውስጥ የነበረው ሰው ሲነሳ ቀላል፣ አጥንቱ የሚቆጠር ሆኖ አገኘው። ከአናቱ በላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወረደ። ጉልበቱ ቀድሞ መሬት ነካ፣ ክንዱ ከወገባቸው ሥር፣ ሌላው መዳፉ ከአንገታቸው ሥር ገባ፤ በውስጥ እግሩ ሳሩን መታው። ድምፁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። የተናኜ እናት ጮሁ። የውብሸት የድሮ ስብራት ነደደ፣ ጥርሱን ነክሶ ቻለው።

አቶ አምባዬ ሳሩ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ሰማዩን አዩ። ኦቦ ባይሳ ጎንበስ ብለው «አምባዬ» አሏቸው፤ መልስ የለም።

ከዚያ የሰውዬው ዓይን እንባ አቀረረ።

«በሰባ ሰባት ኸወሎ ስንመጣ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እዚህ አገር ኸመኪና ላይ እንደ ጆንያ ነው ያራገፉን። ልጅ ነበርኩ። ክንዴ ዞረ፣ ማንም ዞሮ አላየኝም። ኸዚያ ወዲህ ሰው አንስቶ ሲያስቀምጠኝ ዛሬ ገና ነው።»

ውብሸት እጁን ከሥራቸው አላወጣም፤ እስኪነሱ ድረስ እንደያዛቸው ቆየ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ አቶ አምባዬ፣ እንደተጋደሙ።

ከበሩ ጀርባ እልልታ ተሰማ። ጂሬኛ ግን እንደቆመ ቀረ፤ ደስታውና ሐዘኑ ፊቱ ላይ ተደባልቀው ይታያሉ። ሙያው ያለቀ መስሎታል። «አባ ኮ» አለ ኦቦ ባይሳን፣ «ታርቀናልና ከእንግዲህ አንዳችን በሌላችን ላይ እጅ አናነሳም ማለት ነው?»

ኦቦ ባይሳ ጺማቸውን እያሻሹ አሰቡበት። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም።

«ጠብ ነበር?» አሉ።

«አልነበረም።»

«ጠብ ካልነበረ እኔ ምን አስታረቅሁ? ዛሬ እዚህ እርቅ አልተደረገም። እርቅ ካልተደረገ ደግሞ እጅ አታንሱ የሚል ቃል አልገባችሁም። በሳር ላይ የተነገረ በሳር ላይ ይቀራል፤ ከዚህ ግቢ ያወጣ ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው። ሂዱና እንደ ልባችሁ ተደባደቡ።»

ጂሬኛ ሳቀ፤ ከሩቅ የሚሰማው ሳቁ ነው። ሄዶ ውብሸትን በሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አቀፈው። ውብሸትም ይዞት የነበረውን እንባ ሁሉ ለቀቀው፤ አላፈረም። እፎይታ እንዲህ የሚያስለቅስ መሆኑን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። ተናኜ ከበሩ ወጥታ ትከሻውን በጣቷ ዳሰሰች፣ «ዛሬም ይህንኑ ጎንህን ነው የተጠቀምከው» ብላ ተቆጣችው።

አቶ አምባዬ ተነስተው ከልብሳቸው ላይ ሰርዶውን አራገፉ። ውብሸትን ወደ ጎን ጠራ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መናኸሪያው ሜዳ ላይ ስትመጣ ግን» አሉት፣ «እኔ እንደ አገሩ ሰው ነው የምሰድብህ። ጎረቤት ያየኛል። አማቴ ነው ብለህ እንዳትቀየመኝ።»

«ይስደቡኝ፣ አባቴ» አለ ውብሸት።